ወደ አንድ ወገን የታሸ መዳብ

«ማግኔት ፊት አያይም» እል ነበር። ከመጽሐፍ ያገኘሁት ቃል አይደለም። ጆንያ በትከሻዬ አንግቼ በቡሬና በደምበጫ ሰፈሮች «ቁራሌው!» እያልኩ አሮጌ ብረት ስገዛ መንገድ ያስተማረኝ ነው። ሰው አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ዕቃውን ብቻ አይሸጥም፤ ታሪክ ጨምሮበት ነው። ብረቱን ወርቅማ ቀለም ቀብቶ ያመጣና «ናስ ነው፣ የአያቴ ነው» ይላል። አያትዬው ሞተዋል፤ አይጠየቁም። ማግኔት ግን ይጠየቃል። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ፈልቅቄ ያወጣኋት አንዲት ማግኔት ነበረችኝ፤ በሲባጎ ታስራ ኪሴ ውስጥ ነው የምትውለው። ወደ ዕቃው አስጠጋታለሁ። ልጥፍ ካለች ብረት ነው። ዝም ካለች ናስ ወይም መዳብ ነው። ቀለሙ ቢያምር፣ ሻጩ ቢምል ቢገዘት፣ እሷ የምትጠይቀው የዕቃውን ሆድ ነው።

በዚህ ቃል ጆንያዬን ጥዬ ሱቅ ከፈትኩ። ሱቄ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሳያካፍለኝ አያልፍም። ያገለገለ የናስና የመዳብ ዕቃ እገዛለሁ፣ እጠግናለሁ፣ እሸጣለሁ። ማንቆርቆሪያ፣ ትሪ፣ ድስት፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን ቃጭል። ጎረቤቴ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። የሳቸው ደንበኛ ሲጠፋ እኔ ጋ ይመጣሉ፤ የኔ ደንበኛ ሲጠፋ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ፤ ሁለታችንም ጋ ደንበኛ ሲጠፋ በሁለቱ በር መካከል ቆመን መንግሥትንም ዝናብንም እንወቅሳለን።

አንድ ሕግ አለኝ፦ ያልታሸ ዕቃ የሱቄን ደጃፍ አያልፍም። በአመድ፣ በሎሚና በተነፋ አሸዋ ነው የማሸው፤ አስተሻሸቴም የራሴ ነው። እጄን ከላይ አስጀምሬ ወደ ታች እስባለሁ፤ አነሣና እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን። እያዞረ የሚያሽ ሰው ዕቃውን ዳመና ያስመስለዋል። ወደ አንድ ወገን የታሸ ናስ ግን በር ላይ ለቆመ ገዢ እንደ መስኖ ውሃ ያበራለታል። ይህ ጥበብ አይደለም፤ ገበያ ነው። ሰው በዓይኑ ነው የሚገዛው።

ሴት ልጃችን ያደገችው በዚህ ሱቅ ውስጥ ነው። ሌሎች ልጆች በአሻንጉሊት ሲጫወቱ እሷ ያቺን ማግኔት ከኪሴ ሰርቃ ምስማር ታስለቅምባት ነበር። አሁን ባሕር ዳር ፊዚክስ ትማራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን። መጀመሪያ ሥራዋን ስታስረዳኝ እንዲህ ተባባልን።

«መዳብ ላይ ኒኬል አለብሳለሁ አባባ። ኒኬል በሟሟበት ውሃ ውስጥ መዳቡን እነክርና ኤሌክትሪክ እለቅበታለሁ። ስስ ሽፋን ይሆናል።»

«ምን ያህል ስስ?»

«ጠጉር ቢሰነጠቅ፣ ስንጣቂው ደግሞ ቢሰነጠቅ፣ ከዚያም ይሳሳል።»

«ለማን ነው የሚሸጠው?»

«አይሸጥም። ማግኔትነቱ እንዴት እንደሚገለባበጥ ነው የማጠናው። ኮምፒውተር ውስጥ ነገር የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ስስ ብረት ላይ ነው።»

ገባኝ አልኩ። አልገባኝም። ሐጂ «ልጅህ ምን ትማራለች?» ብለው ሲጠይቁኝ «ብረት ታሳሳለች» አልኳቸው።

«ማሳሳቱንማ ኑሮ ያስተምረናል» አሉ ሐጂ። «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ምን አስኬዳት?»

መዳቡን የማቀርበው እኔ ነኝ። ከንጹሕ የመዳብ ገበር፣ ማለትም ከስስ ዝርግ መዳብ ላይ፣ ሳንቲም የሚያካክሉ ክቦች በመብሻ እቆርጥላታለሁ። ክብ ይሁን ያለችው እሷ ናት፤ ማዕዘን ካለው ማዕዘኑ ማግኔቱን ያደናግረዋል አለች። የመጀመሪያዎቹን ራሷ መጥታ ጥሬውን ወሰደች፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ በስስ የብርጭቆ ወረቀት በያቅጣጫው ፈግፍጋ አለሰለሰቻቸው፤ ኒኬሉንም አለበሰቻቸው፤ ሥራው ተሳካላት። ሁለተኛዎቹን በስልክ ጠየቀችኝ።

«እንዳለ ይላኩልኝ አባባ። ማጽዳቱን እኔ አደርገዋለሁ። አይድከሙ።»

እንግዲህ በኛ አገር «አይድከሙ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እንግዳ «አይድከሙ» ሲል ባለቤት ዶሮ ለመያዝ ትነሣለች። ልጅ ለአባቷ «አይድከሙ» ስትልማ፣ ያልደከመ አባት ምን አባት ነው? ከእናቷ ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አሸናቸው። እናቷ የእጇ ቆዳ እስኪላጥ አሸች። «መምህር ቤት የሚሄድ ዕቃ ነው፤ የነጋዴ ልጅ ዝገት ይዛ መጣች አይበሏት» አለች። ሲያልቁ አንዱን ወደ ፀሐይ ባዞረው ግድግዳው ላይ ብርሃን ወረወረ። በጥጥ ጠቅልለን በአውቶቡስ ላክንላት። በዚያን ቀን ከኛ የኮራ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ልጅቷ ዝም አለች። ስንደውል «ደህና ነኝ» ትላለች። ደህና የሆነ ሰው እንዲያ አይልም፤ ደህና የሆነ ሰው ያማርራል። መንገዱ ለተወሰኑ ቀናት ተዘግቶ በተከፈተ ጊዜ ሳትነግረን መጣች። ሱቅ ደጃፍ ላይ ከአውቶቡስ ወረደች፤ በእጇ በጥጥ የታሸገች ትንሽ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛለች። ፊቷ ከኒኬሉ ይብስ ሳስቷል።

«ምን ሆነሻል?»

«የጥናት ርዕሴን ልነጠቅ ነው» አለች፤ ከወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ነገሩን ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላክንላት አንዷን ክብ ጠዋት ማግኔትነት በሚለካው መሣሪያ ውስጥ ታስገባታለች፤ ማግኔትነቷ በቀላሉ ይገለበጣል። ያችኑ ክብ ከሰዓት መልሳ ታስገባታለች፤ አሁን አልገለበጥም ብላ ታንገራግራለች። በማግሥቱ ደግሞ መሐል ላይ ያለ መልስ ትሰጣለች። የመጀመሪያዎቹ ክቦች እንዲህ አላደረጉም፤ ሁልጊዜ አንድ ነበሩ። አማካሪ መምህሯ አዩና «አንድ ዕቃ ሁለት ቃል አይሰጥም። እጅሽ አልተረጋጋም። ወይ ከፋሲካ በፊት አንድ ቃል አሰጪው፣ ወይ እሱን ተይውና በኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ ርዕስ ልስጥሽ» አሏት።

«ኮምፒውተሩ ምን አለው?» አልኳት። «ፎቅ ላይ ነው፣ ወንበር አለው።»

«ብረት የለውማ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ የተሰቀሉትን ትሪዎች አየች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ይህች ልጅ በእጇ የምትነካውን ነገር ሊወስዱባት ነው። እኔን አሁን ማግኔቴን ነጥቀው ወረቀት ቢያስይዙኝ ማለት ነው።

ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው። መዳቡ ውስጥ ብረት ተቀላቅሎ ቢሆንስ? ከቆረጥኩበት ገበር የተረፈውን አወጣሁና ማግኔቴን አስጠጋሁ። ዝም አለች። «መዳቤ ንጹሕ ነው» አልኩ። «ሆዱ ንጹሕ ነው። ማግኔት ደግሞ ፊት አያይም።»

«ስስ ሲሆን ያያል አባባ።»

«እንዴት ያያል?»

«አውድማ በእበት ሲለቀለቅ አይተዋል አይደል? ልቅለቃው ወፍራም ከሆነ ሥሩ ያለውን ጠጠር ይሸፍነዋል። ስስ ከሆነ ግን ጠጠሩም ጉድጓዱም ላይ ድረስ ይታያል። የኔ ኒኬል እንደ ስስ ልቅለቃ ነው። ሥሩ ያለው መዳብ እንዴት እንደሆነ፣ እሱም እንደዚያው ነው። የመሳሳቱ ጣጣ ይህ ነው፤ ፊቱን ከወሰዱበት ሆድ ብሎ የሚተርፈው ብዙም የለው።»

«ታዲያ መዳቡ ሸካራ ነበር?»

«የላኩልኝ? እንደ መስታወት ነበር እንጂ! የቤተ ሙከራ ተራዬ እንዳያልፍ ብዬ፣ አብረቅርቆ ስላገኘሁት በቀጥታ አጥቤ ነከርኩት።»

«እንደ መስታወትማ ይሁን እንጂ» አልኩ ኮራ ብዬ። «እናትሽ እጇ እስኪላጥ ያሸችው ነው።»

ዞራ አየችኝ። «አሻችሁት? እንዳለ ይላኩልኝ አላልኩም?»

«አይድከሙ አልሽ እኮ።»

«አይድከሙ ማለቴ እኮ... አይድከሙ ማለቴ ነበር!»

«እሱን ከባሕር ዳር የተማርሽው ነው። እኛ ጋ እንዲያ ማለት አይደለም።»

ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። ግን መፍትሔ አልነበረም፤ የሚያበራ የሚያበራ ነው፣ መታሸቱ ምን ይጎዳል? እንዲህ እያልን ሳለ አንድ ቄስ መጡ። የሰጡኝን ቃጭል ሊወስዱ ነው።

«አንተ ሰው» አሉ ገና ሳይቀመጡ፣ «ይኼን ቃጭል ስታሸው ከረምህ፤ ድምፁንም አብረህ አሸኸው እንዴ?»

«ድምፁማ አለ መምሬ፣ ትንሽ ነው የቀረችው። ቁጭ ይበሉ።»

ጨርቄን አመድ አስነክቼ ማሸት ጀመርኩ። ከላይ ወደ ታች። አነሣሁ። ከላይ ወደ ታች። መምሬ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ እኔ «አዎን፣ አዎን» እላለሁ። ድንገት ልጄ ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቤ ቆመች። ቃጭሉን አላየችም፤ እጄን ነው የምታየው።

«አባባ፣ ለምን አይመልሱትም?»

«ምኑን?»

«እጅዎን። ሲወርድ ያሻል፣ ሲወጣ ይነሣል።»

«ከመለስኩትማ ዳመና ይሆናል። ወደ አንድ ወገን ነው የሚታሸው።»

«የኔንም እንደዚህ ነው ያሻችሁት?»

«ሌላ አስተሻሸት አናውቅም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ያልነበረ ሰው ቀርቶበታል። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተች፤ አንዷን ክብ በጥጥ ይዛ በሩ ላይ ወጣች፤ የናስ ማኅተም የማነብባትን አጉሊ መነጽሬን ወስዳ ክቧን በፀሐይ አጋድማ አየቻት። ብዙ አየቻት። ሌላይቱን አወጣች። እሷንም አየች። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ለኔ ሰጠችኝ። በባዶ ዓይኔ መስታወት ያልኩት ነገር በመነጽሩ ሲታይ የታረሰ መሬት ነው። ከዳር እስከ ዳር ጎን ለጎን የተሰመረ ቀጭን ቀጭን ትልም። የእናቷ እጅ ያረሰው።

«በዚህ ላይ ነው ኒኬሉ የተኛው» አለች። «ማግኔትነቱ በትልሙ ሂድ ሲሉት ይሄዳል። ትልሙን ተሻገር ሲሉት ያንገራግራል።»

«በሬም እንዲሁ ነው» አሉ መምሬ፤ ስለ ምን እንደምናወራ ሳያውቁ።

«ክብ ነው ዕቃው» ቀጠለች፤ ከኛ ጋር ሳይሆን ከራሷ ጋር ነው የምታወራው። «ምልክት የለውም። መሣሪያው ውስጥ ሳስገባው ጠዋት በትልሙ አስገባዋለሁ፣ ከሰዓት በአግድሙ። ሁለት ቃል የሰጠው ዕቃው አይደለም፤ እኔ ነኝ ከሁለት ወገን የጠየቅሁት።»

እኔ በሰማሁት ረካሁ። እሷ አልረካችም። «መስሎኝ ነው እንጂ ገና አላየሁትም» አለች። ክር ፈለገች፤ ቀጭን፣ የማይጠማዘዝ። ወደ ሐጂ ሄድኩ።

«የሐር ክር ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ለፊዚክስ።»

«ፊዚክስ ስንት ክንድ ይበቃዋል?» አሉና ክሩን ራሳቸው ይዘው መጡ። ክራቸውን ለማያውቁት ሰው አያምኑም።

ልጄ በክቧ ጠርዝ ላይ የትልሙን አቅጣጫ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት። ከመሐሏ ላይ ክሩን በሻማ ጠብታ አጣበቀችና ከትሪ መስቀያው ላይ አንጠለጠለቻት፤ ክቧ በአየር ላይ ጋደም ብላ ተንሳፈፈች። ከግራና ከቀኝ ሁለት ማግኔቶች፣ የኔዋንና ከሌላ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ያወጣናትን፣ በብርጭቆ ላይ አስቀመጠች። ነፋስ እንዳይገባ የበሩን አንድ ክንፍ ዘጋሁ። መምሬ ቃጭላቸውን ታቅፈው ቆሙ፤ ምላሱን በእጃቸው ይዘውታል፣ እንዳይጮኽ።

ክቧ ዞረች፤ ተመለሰች፤ ዞረች። ቀስ በቀስ ተረጋጋች። ምልክቱ ከአንዱ ማግኔት ወደ ሌላው ማግኔት አቅንቶ ቆመ። ልጄ ሁለቱን ማግኔቶች ከነብርጭቆዎቻቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረቻቸው። ክቧም ተከተለች፤ ምልክቷን እንደገና ከማግኔት ወደ ማግኔት አቀናች።

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አሉ ሐጂ።

«ቆዩ፣ አልጨረስኩም» አለች። ክቧን አወረደችና ከቆርቆሮው ከመጀመሪያዎቹ ክቦች አንዷን፣ ራሷ በያቅጣጫው የፈገፈገቻትን፣ ሰቀለች። ያቺ ክብ ምንም አልመረጠችም። ባቆሟት ቆመች፤ ማግኔቶቹ ቢዞሩም ግድ የላት።

«ይህችኛዋስ?» አልኩ።

«ይህችኛዋ ትልም የላትም። ሁሉም ወገን ለሷ አንድ ነው።»

«ሰነፍ በላት» አሉ መምሬ። ከዚያ ቃጭላቸውን አንዴ አቃጨሉት፤ ድምፁ እንዳልታሸ አረጋገጡና ባርከውን ሄዱ።

በማግሥቱ ሱቃችን የሷ ቤተ ሙከራ ሆነ። ማን አዛዥ ማን ታዛዥ እንደሆነም ተገለጠ። «ይህቺን ቀስ ብለው በአንድ ወገን። ይህቺን ጠንከር አድርገው። ይህቺን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በአግድሙ።» እናቷ ጨርቋን ይዛ ከጎኔ ተቀምጣለች።

«በአግድሙ ከታሸማ ይበላሻል» አለች እናቷ።

«ይበላሽ እማዬ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው አያየውም፤ ማግኔት ነው የሚያየው።»

«እሱስ ቢሆን» አለች እናቷና አሸች።

በእያንዳንዱ ላይ የትልሙን አቅጣጫ ምልክት አድርጋ፣ ሁሉንም ለየብቻ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። እኛ የቀረን መጠበቅ ነው። ጾሙ እየተጋመሰ ነበር፤ ሐጂ በየቀኑ ደጃፌ ላይ እየቆሙ «ፊዚክስ ምን አለ?» ይሉኛል። «ዝም ብሏል» እላቸዋለሁ። «ክሬንስ?» ይላሉ። ክሩ አሁንም ትሪ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ማንሣት ከብዶኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴትዮ ማንቆርቆሪያ እያከራከረችኝ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«አባባ፣ አንድ ቃል ሰጡ» አለች።

«ማን?»

«ክቦቹ! በትልሙ ሳስገባቸው ሁልጊዜ ቀላል፣ በአግድሙ ሳስገባቸው ሁልጊዜ ከባድ። ጠንከር ተደርገው የታሹት ልዩነታቸው ሰፊ ነው፤ ቀስ ተብለው የታሹት ጠባብ። በሁለቱም ወገን የታሹት ልዩነታቸው ከምንም አይቆጠርም። መምህሬ ደጋግመው ራሳቸው አስገቡት። ከዚያ ርዕሱን አትቀይሪም አሉኝ። ማለቴ ቀየሩት፤ አሁን ርዕሱ ራሱ የመዳቡ ፊት ነው። የኒኬሉ ማግኔትነት በመዳቡ ፊት እንዴት እንደሚቀየር።»

«ማን አሸው አላሉም?»

«ጠየቁ። በምን መሣሪያ ነው አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«በእናቴ አልኩ።»

በእኔ አላለችም። ይሁን። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ ዋጋ ልቀንስላት የተዘጋጀሁ መሰላት፤ ተሳስታለች፤ ግን ቀነስኩላት።

ለሐጂ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ክሩንም ጠየቁ። ፈትቼ ሰጠኋቸው። ተመለከቱትና «አሁን ይህ ክር ከሌላው ይበልጣል፤ ለሸማኔ አልሰጠውም» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ስለዚህ እኔም ቃሌን አሻሽያለሁ። ወፍራም ከሆነ ማግኔት ፊት አያይም። ስስ ከሆነ ያያል። ሱቄ ውስጥ የሚያበራው ሁሉ በልጄ ዓይን የታረሰ እርሻ እንደሆነ አውቄ፣ አሁንም ወደ አንድ ወገን አሻለሁ፤ ደንበኛዬ አጉሊ መነጽር ይዞ አይመጣም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ ትእዛዝ መጣ። አንዳንዶቹን በሰያፍ፣ አንዳንዶቹን እያዞሩ። እሱ ምንም አይደለም። የመጨረሻው ነው የከበደን።

«አንዷን ደግሞ ጭራሽ እንዳትነኳት አባባ። ከገበሩ ላይ እንደተቆረጠች። ከሌሎቹ ጋር ላወዳድራት ነው። አይድከሙ። ሰምተውኛል? አይድከሙ ማለቴ አይድከሙ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

ክቧን ቆረጥኳት። ጠርዟ ደብዝዟል፤ ፊቷ ላይ የአሮጌ መዳብ ጥቁረት አለ። እኔ በእጄ ያልታሸ ዕቃ ከደጃፌ ልኬ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ስቃኛት እናቷ መጣች፤ አየቻት፤ እጇ ሳታስበው ወደ ጨርቁ ሄደ።

«ተዪ» አልኳት።

«ጠርዟን ብቻ።»

«ጠርዟንም።»

እጇን ሰበሰበች። በጥጥ ጠቀለልኳት፤ ከሌሎቹ ለይቼ ለብቻዋ። አውቶቡሱ መጣና ለረዳቱ ሰጠሁት። ጥቅልሉን ከፈት አድርጎ አየና «ይህቺማ ቆሽሻለች፣ እርስዎ ሱቅ ነው የተገዛችው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «እንዳትነካት።»